ያልተለመነው እጩ

እንቅልፍ እንቢ ብሎታል። ሌሊቱን ሆኽስት ካለው የኬሚካል ፋብሪካ መቆጣጠሪያ ክፍል ተቀምጦ ሲያፈጥ አድሮ፣ ጠዋት ሽቫንሃይም ቤቱ ገብቶ፣ የመኝታ ቤቱን ሮላደን፣ ያን ተጠቅላይ የመስኮት መዝጊያ፣ እስከ ታች ለቆ፣ በጠራራ ቀን የገዛ ጨለማውን ሠርቶ ተጋድሟል፤ ውጭ ግን ቀትር ነው፣ ትራሙ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ይንጫጫል፣ ጎረቤትየዋ ቅጠል ትጠርጋለች፣ በሮላደኑ ቀዳዳዎች የገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ተደርድሯል፣ ሰይፈ ገብርኤልም በስድሳ ሦስት ዓመቱ ነጥብ ይቆጥራል። ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ያቆማል። ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሚሰበሰቡት የሰፈሩ የፓርቲ አባላት ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው፣ ከመካከላቸው አንድ ሰው መርጠው ለመጋቢቱ የፍራንክፈርት ምክር ቤት ምርጫ በእጩነት ሊያቀርቡ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ገናናው ነው። እሱ አይደለም። ገናናው ነው።

ቀንቷል። ነገሩን ማሽሞንሞን አያስፈልግም፣ ሰይፈ ራሱም አያሽሞነሙነውም፣ የያዘውን ነገር ስሙን ያውቀዋል። ገናናው አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ጥርሱ በሙሉ አለ፣ ሲስቅ ሁሉም ይታያል። የመንጃ ፈቃድ ማስተማሪያ አለው፣ የፍራንክፈርት ሀበሻ ግማሹ መሪ የጨበጠው በሱ መኪና ነው፣ ቱርኩም ጀርመኑም እንደዚያው፣ ስሙ መኪናው ጣሪያ ላይ በትልቁ ተጽፎ ከኦስትኤንድ እስከ ሆኽስት ቀኑን ሙሉ ይዞራል። ባለፈው ሰኞ ሰይፈ አውቶቡስ ሲጠብቅ ያ መኪና ፊቱ መጥቶ ቆመ፣ አንዲት ተማሪ ሞተሩ ጠፍቶባት መኪናው አልነሣ አላት፣ ስሙ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዓይኑ ሥር ተገትሮ ቆየ፣ ፌርማታው ላይ የነበረች አሮጊት ጀርመን ደግሞ "ጥሩ ሰው ነው፣ የልጅ ልጄን ያስተማራት እሱ ነው" አለችው፣ ማን ጠየቃት። እሱም ራሱን ነቀነቀላት። አዎ፣ ጥሩ ሰው ነው። እሱ ነው እኮ የሚያናድደው፣ መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ ይተኛ ነበር።

ይገላበጣል። ትራሱን ወደ ቀዝቃዛው በኩል ያዞራል።

ፓርቲው ውስጥ ሁለት ወገን አለ። የግራዎቹን ኡልሪከ የምትባል ጡረታ የወጣች ነርስ ትመራቸዋለች፣ የቤት ኪራይ ጭማሪ ይታገድ፣ ከተማው ራሱ ቤት ይሥራ ይላሉ፤ የመሐሎቹ ደግሞ ይህን ሁሉ ተናግረን ማን ሊመርጠን ነው ይላሉ። የመሐሎቹ አንዲት ቃል አለቻቸው፣ "ቬልባር"፣ የሚመረጥ ማለት ነው፣ የሰውየው ሐሳብ ትክክል ነው ወይ ብለው አይጠይቁም፣ ቬልባር ነው ወይ ብለው ነው የሚጠይቁት። ሰይፈ የግራዎቹ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አባል ሆኖ፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር መሰላል ተሸክሞ በየመብራት ምሰሶው የሌላ ሰው ፊት ሲሰቅል ኖሮ፣ ባለፈው የካቲት ስለ ኪራይ ሦስት ገጽ ጽፎ ሲያነብ ሁለት ሰው አዛጋ። ገናናው ተነሣና "መጀመሪያ እንመረጥ፣ ከዚያ እንነጋገራለን" ብሎ ተቀመጠ፤ አጨበጨቡለት። ሦስት ገጽና አንድ ዓረፍተ ነገር። አሁን እዚህ፣ ማንም በማያየው ጨለማ ውስጥ፣ ሰይፈ ለራሱ የሚያምነው ነገር አለ፤ ገናናው ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ሁልጊዜ ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ። ሰይፈ ወደ ግራ ፈቀቅ ያለው ገናናው የዛሬ አራት ዓመት አባል ሆኖ መሐል ሲቀመጥ ነው፣ ሰውየው ከግራዎቹ ጋር ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ እሱ ከመሐሎቹ ጋር ቬልባር ቬልባር ይል ነበር። ይህን ለኡልሪከ ነግሯት አያውቅም።

ግን እንቅልፉን የነሣው ይሄ አይደለም። እንቅልፉን የነሣው የዛሬ ሦስት ሳምንት የሆነው ነው። የሰፈሩ ፓርቲ ሥራ አስፈጻሚዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፣ ሊቀ መንበሩ ሄር ክሌም የስም ዝርዝር ይዟል፣ አስተማሪ የነበረ ሰው ስለሆነ እርሳሱን ጆሮው ላይ ይሰካል። "ሰይፈ፣ አንጋፋችን አንተ ነህ፣ እጩ ትሆናለህ?" አለው። ልቡ ዘለለች። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቃት ጥያቄ መጣች። አፉ ግን ምን አለ? "እኔማ ምን አቅም አለኝ፣ ከኔ የሚሻሉ ሰዎች ሞልተዋል።" በጀርመንኛ ነው ያለው፣ ያሰበው ግን በአማርኛ ነው፣ በአማርኛ ደግሞ ይህ እንቢታ አይደለም። እሱ ባደገበት ደብረ ብርሃን ሰው ለእድር ዳኝነት እንኳ ሲጠየቅ መጀመሪያ "ኧረ እኔ አይሆንልኝም" ይላል፣ ሲለምኑት "ጤናም የለኝ" ይላል፣ ሦስተኛ ሲሉት "እንግዲህ ካላችሁ" ብሎ አንገቱን ይደፋል፣ ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት ከወንበሩ አይነሣም። ሰይፈም አንገቱን ለመድፋት ተዘጋጅቶ ጠበቀ። ሄር ክሌም "እሺ፣ ስለ ግልጽነትህ አመሰግናለሁ" አለና ከስሙ ጎን ሰረዝ አሰመረ።

አንዲት ሰረዝ። ሁለተኛ የጠየቀው የለም። ክፍሉ ውስጥ ያን እንቢታ መተርጎም የሚችል አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ከጎኑ የተቀመጠው ገናናው ነው፣ ዞር ብሎ "ኧረ ጋሼ፣ እንደሱ አይበሉ" ቢል ያልቅ ነበር፣ አላለም፣ እጁን አወጣና "እኔ ዝግጁ ነኝ" አለ። ያውቅ ነበር? እዚህ ነገር ላይ ሦስት ሳምንት ችሎት ተቀምጧል። ገናናው በአሥራ አንድ ዓመቱ ነው እዚህ የመጣው፣ ወጉን ላያውቅ ይችላል። ታዲያ በኪዳነምሕረት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ምሳ ሲበላ፣ ሴቶቹ "ጨምር" ሲሉት ሁለቴ "በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ" ብሎ በሦስተኛው ሳህኑን የዘረጋው ማነው? ሰይፈ ፊት ለፊቱ ነበር፣ በዓይኑ ነው ያየው። ለወጥ ሲሆን ያውቃል፣ ለምክር ቤት ሲሆን ጀርመን ይሆናል። ከስብሰባው ሲወጡ "ጋሼ፣ ደክሞዎት መስሎኝ ነው" አለው፣ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። እጁ ሞቃት ነበር።

እኔ ዝግጁ ነኝ። እነዚህን ሦስት ቃላት ሰይፈ ከዚያ በፊት የሰማቸው አንዴ ነው፣ የዛሬ አርባ ስምንት ዓመት፣ የቀበሌው አዳራሽ በወጣት ጢም ብሏል፣ ወንድሙ ዓምደ ሚካኤል አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ የቆዳ ጃኬት ለብሷል፣ ወጣቱን የሚወክል ማነው ሲባል ማንም ሳይለምነው ይነሣና "እኔ ዝግጁ ነኝ" ይላል። ያኔም ሁለት ወገን ነበር፣ ሁለቱም ግራ ነን ይል ነበር፣ ያነበቡት መጽሐፍ አንድ ነው፣ ቬልባር የሚባል ነገር ግን አልነበረም፣ መሣሪያ ነው የነበረው። በወሩ ከቤት ወሰዱት፣ ጃኬቱን እንኳ አልያዘም፣ እህታቸው የወርቅውሃ ጃኬቱን ይዛ መኪናውን ተከትላ ሮጣ ነበር። ሰይፈ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ በኋላ እናታቸው ተጠርተህ ሦስቴ ካልተለመንክ አፍህን እንዳትከፍት አለችው፣ ይኸው አልከፈተም፣ እናቱ ከሞተች ሠላሳ ዓመት ሆናት፣ የመጣውም ፍራንክፈርት ነው፣ እዚህ እጩ የሆነን ሰው የሚያገኘው ትልቁ ችግር ፖስተሩ ላይ ጢም የሚስሉበት ጎረምሶች ናቸው።

ስልኩን ትራሱ ሥር ይነካዋል። የየወርቅውሃ መልእክት አለ፣ ከፍቶታል፣ መልስ አልሰጠም። ያ ሰረዝ የተሰመረበት ዕለት ወደ ቤት ሲመለስ ደወለላት፣ እሷም እንደ ሁልጊዜው "ምን አዲስ ነገር አለ ሰይፉ?" አለችው፣ ስንት ዓመት ምንም የለም ሲል የኖረ ሰው ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ "ለከተማው ምክር ቤት እጩ አድርገውኛል" አላት። "እዚያ የተመረጠ ሰው አይወሰድም አይደል?" አለች። ሳቀባት። በማግሥቱ ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳው ነበር፣ ወንድሜ የፍራንክፈርት ሹም ሊሆን ነው ብላ፣ ለኪዳነምሕረት ጥላ ተስያለሁ አለችው፣ እግዚኦ፣ በውሸት ላይ ስለት። አሁን ደግሞ የፖስተርህን ፎቶ ላክልኝ ትላለች። ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ፖስተር የለም። ፖስተር የሚኖረው ለገናናው ነው፣ ሰቃዩ ደግሞ ያው ሰይፈ ነው፣ የሰፈሩን መሰላል የያዘው እሱ ነው፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው ያለው።

ስልኩ ጮኸ። እሷ መስላው ደነገጠ፣ ኡልሪከ ናት።

"ተኝተህ ነበር? ናኽትሺፍት፣ የሌሊት ሥራ እንዳለህ ረስቼው።"

"ነቅቻለሁ።"

"አጭር ነገር ነው። ዛሬ ገናናውን ያለ ተቀናቃኝ ሊያሳልፉት ነው። እኛ ደግሞ አንተን ከወንበር ተነሥቼ ልጠቁም ተስማምተናል። ቆጥሬዋለሁ፣ እኩል በእኩል ነን፣ አንዷ ድምፅ ወዲያ ወይ ወዲህ ናት። ትቆማለህ?"

"እንግዲህ ሌላ ሰው ከ..." ብሎ ጀመረና ምላሱን ነከሳት። በሮላደኑ ነጥቦች ላይ አፈጠጠ። "እቆማለሁ" አለ።

"ጥሩ፣ ማታ እንገናኝ" አለችና ዘጋች። ይኸው ነው። መለመን የለ፣ መሐላ የለ። ሰይፈ አልጋው ላይ ቁጭ አለ፣ ሰው ፊት ልብሱን ያወለቀ ያህል ሐፍረት ተሰማው፣ ከዚያ ደስ አለው፣ ቀጥሎ የገናናው ፊት ታየው፣ ስሙ ሲጠራ ያ ሁሉ ጥርስ ሲከደን፣ እና ይበልጥ ደስ አለው። ዛሬ ካሸነፈ ለእህቱ የዋሸው ውሸት እውነት ይሆናል። የፈለገው ይህን ብቻ ነው፣ ይህንና የገናናውን ጥርስ ሲከደን ማየት። ሮላደኑን ሳበው፣ ክፍሉ በብርሃን ተሞላ፣ ልብሱን መተኮስ ጀመረ።

አዳራሹ የስፖርት ክበብ ነው፣ ግድግዳው ላይ የአሮጌ ተጫዋቾች ፎቶ ተደርድሯል። ገናናው ገና ከበሩ አይቶታል፣ ኮቱን ከአንድ ወንበር ላይ ያነሣል፣ "ጋሼ፣ ቦታ ይዤልዎታለሁ።" በሠላሳ ዘጠኝ ሰው መካከል ሁለት ሀበሻ ተለያይቶ ቢቀመጥ ተጣልተው ነው ይባላል፣ ሰይፈ ሄዶ ተቀመጠ። ሄር ክሌም ገናናውን አስተዋወቀ፣ ሌላ ጠቋሚ አለ ወይ አለ፣ ኡልሪከ ተነሣችና ሰይፈን ጠራች፣ አዳራሹ አጉረመረመ፣ ሄር ክሌም ከመነጽሩ በላይ አየውና "ትቀበላለህ?" ሲለው፣ ሰይፈ ሦስት ሳምንት ሲለማመዳት የከረማትን ቃል አወጣት። "እቀበላለሁ።" ዞር ብሎ የገናናውን ጥርስ አየ። አልተከደነም። እንዲያውም ጨመረ።

"ያን ቀን ታዲያ የምርዎን አልነበረም?" አለው ገናናው በአማርኛ፣ ጠጋ ብሎ።

"የምሬን ነበር" አለ ሰይፈ፣ ከየት እንደመጣለት አያውቅም። "ዛሬ እነሱ ናቸው የገፋፉኝ።"

"ደግ አደረጉ" አለ ገናናው።

ሁለቱም አምስት አምስት ደቂቃ ተናገሩ። ገናናው እንደ ገናናው ተናገረ፣ ሁለቴ አሳቃቸው። ሰይፈ ሦስት ገጹን ይዞ ወጣና መነጽሩን አጣው፣ አልጋው አጠገብ ረስቶት ኖሯል፣ ስለዚህ ወረቀቱን አጠፈና ስለ መሰላሉ አወራቸው። በየትኛው መንገድ ላይ ስንት ምሰሶ እንዳለ፣ ከመሰላሉ አናት በየመስኮቱ ምን እንደሚታይ፣ በመጀመሪያው ምርጫ ልጆች የነበሩበት አራተኛ ፎቅ በሚቀጥለው ባዶ ክፍል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሻንጣ እየጎተቱ ለሚመጡ ቱሪስቶች የሚከራይ ማረፊያ እንደሆነ፣ እነዚያ ልጆች የት እንደሄዱ ማንም እንዳልጠየቀ። ማንም አላዛጋም። ከመሐሎቹ ሁለት ሰዎች ራሳቸውን ሲነቀንቁ በዓይኑ አየ። ሲቀመጥ አሸንፌያለሁ አለ በሆዱ፣ ፖስተሬን ለእትዬ እልክላታለሁ።

ባዶ ወረቀት ተበተነ፣ የአንዱን ስም ጽፋችሁ አጥፉ ተባለ። ሰይፈ ኪሱን ዳበሰ፣ እስክሪብቶ የለውም። ገናናው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሳይሸፍን፣ ሳያጎነብስ፣ በትልልቅ ፊደል ገናናው ብሎ ጻፈ፣ እንደ መኪናው ጣሪያ፣ ከዚያ "ይኸው ጋሼ" ብሎ እስክሪብቶውን አቀበለው። የማስተማሪያው ማስታወቂያ እስክሪብቶ ነው፣ ጎኑ ላይ ገናናው ይላል። ሰይፈ ወረቀቱ ላይ ደፋ አለ። ጻፍ። ሰይፈ ብለህ ጻፍ፣ አራት ሰከንድ ነው። ገናናው እስክሪብቶውን ሊቀበል መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ የወረቀቱ ጫፍ ለዓይኑ አንድ ስንዝር አይርቅም፣ በሰው እስክሪብቶ፣ ሰውየው እያየ፣ የገዛ ስም እንዴት ይጻፋል፣ ይሄ ሰውዬ ለራሱ ጻፈ ሊል ነው፣ በእጅ ሸፍኖ መጻፍማ የባሰ ነው፣ ሌባ ነው የሚሸፍን። ሰይፈ የሚቀናበት ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው፤ ጥርሱም አይደለም፣ መኪናውም አይደለም፣ ወንበሩም እንኳ አይደለም። ይሄ ሰው ስሙን በአደባባይ ጽፎ እጁ አይንቀጠቀጥም። ሰይፈ ስሙን የሚጽፈው ሌላ ሰው ጻፍ ሲለው ብቻ ነው። እጁ የለመደውን አደረገ፣ ገናናው ብሎ ጻፈ፣ አጠፈው፣ እስክሪብቶውን በሁለት እጁ መለሰለት።

ሄር ክሌም ሁለቴ ቆጠረ። ገናናው ሃያ፣ ሰይፈ አሥራ ዘጠኝ።

ኡልሪከ ከመሐሎቹ አንድ ሰው ወደኛ መጥቶ ነበር፣ ከኛ ማን እንደከዳን እንጃ አለች፣ ዓይኗ አዳራሹን ይበረብራል። ሰይፈ ጫማውን አየ። ገናናው አቀፈው፣ የምሩን አቀፈው፣ "ጋሼ፣ ለራስዎ በመጻፍዎ እንዳይከብድዎት፣ እኔም ለራሴ ነው የጻፍኩት" አለው። አላየም ማለት ነው። ሲጠብቅ የነበረው እስክሪብቶውን ብቻ ነው። ሰይፈ ሊስቅ ፈለገና አልሆነለትም። በሩ ላይ ሲደርሱ ገናናው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ፖስተሬን ግን እርስዎ ነዎት የሚሰቅሉልኝ አይደል?"

"ኧረ እኔ አይሆንልኝም።"

"ተዉ እንጂ ጋሼ፣ ያለ እርስዎ ማን ያውቅበታል።"

"ጉልበቴም ጤና የለው።"

"ሞቼ እገኛለሁ፣ ከእርስዎ በቀር መሰላሉን ማንም አይነካውም።"

"እንግዲህ ካልክ" አለ ሰይፈ፣ አንገቱን ደፍቶ። ገናናው መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን እስኪዘጋ ድረስ ነገሩ ለሰይፈ አልገባውም ነበር። ሦስቴ ለመነው። ቆጥሮ፣ በሥርዓቱ፣ አንድም ሳያጎድል ሦስቴ። ያውቃል። ሁልጊዜም ያውቅ ነበር። ሦስት ሳምንት የተቀመጠው ችሎት እዚያ ስፖርት ክበብ በር ላይ ተዘጋ፣ ሰይፈ ግን መሰላሉን ቃል ገብቷል።

ወደ ሥራው የሚወስደው አውቶቡስ ሊመጣ አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። ፌርማታው ላይ ቆሞ ደወለላት። የወርቅውሃ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሣችው፣ ስልኩ ላይ ተቀምጣ ኖሯል።

"እትዬ፣ ያኔ የነገርኩሽ ውሸት ነበር። እጩ አላደረጉኝም። ዛሬ ነው የተወዳደርኩት፣ በአንድ ድምፅ ተበለጥኩ።"

አውቶቡሱ ከሩቅ ሲዞር መብራቱ ታየው።

"እና አልወሰዱህም?" አለች።

"አልወሰዱኝም።"

"ስለቱማ ለሱ ነው እኮ። እንድትመረጥ መስሎሃል? እንዳይወስዱህ ነው የተሳልኩት። ጥላውን አስገባለሁ።" ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ከዚያ የቆየው ቁጣዋ መጣ። "በአንድ ነው ያልከው? አንዷን ማነው የነፈገህ?"

"የኛው አገር ሰው ነው። ለኔ ይሰጣል ተብሎ የታሰበ።"

"ሀበሻ? እጁን ይቁረጠው።"

ሰይፈ ስልኩን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረ። አውቶቡሱ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ።

"ተይው እትዬ፣ አትርገሚው" አላት። "አሁን ሥራ ሊገባ ነው።"